ከመስከረም በኋላም ግቢያችን አበባ እንዳያጣ ምን ልትከል?

ጥያቄ፦ የሽሮ ሜዳዋ (ጥቅምት 20)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ እግሯን ስለሚያማት ቀኑን የምታሳልፈው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነው። ከፊቷ አራት በስድስት ሜትር የምትሆን መሬት አለች። መስከረም ላይ አደይ አበባው ሲሞላት የእናቴም ፊት ይፈካል። ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት አበባ ሳትሰጠው አይሄድም።

አሁን ግን አደዩ እየደረቀ ነው። አምና ከኅዳር እስከ ግንቦት ግቢያችን ውስጥ ከቅጠል በቀር ምንም አልነበረም። ከአንድ ችግኝ መሸጫ የገዛኋቸው ስድስት ችግኞችም በታኅሣሥ ብርድ ጠቁረው ቀሩ። የቧንቧ ውሃ የምናገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ያሉኝ ሁለት ጽጌረዳና አንድ ጄራኒየም ብቻ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ቢያንስ አንድ ነገር እንዲያብብላት ምን ላድርግ? ግቢው ሳይራቆት ለጎረቤት መስጠትስ እንዴት ይቻላል?

መልስ፦ አትክልተኛው

እህቴ፣ ለጊዜው ምንም አትግዢ። ሁለቱ ጽጌረዳዎች ብዙ ይሰጡሻል። ደጋግሞ የሚያብበው ጽጌረዳ አበባውን የሚያወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ስለዚህ መቼ እንደሚያብብ በመግረዣው ቀን መወሰን ትችያለሽ። ከተገረዘ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ሲበርድ ደግሞ ይዘገያል። ለገና እንዲደርስልሽ ከፈለግሽ ኅዳር በባተ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግረዢው። ግን ሁለቱን በአንድ ቀን አትንኪ። አንዱን አሁን፣ ሌላውን ከአራት ሳምንት በኋላ። ያኔ እናትሽ ባዶ ግቢ አታይም።

መቀሱ የሰላ ይሁን። መጀመሪያ የደረቀውንና እርስ በርሱ የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ አውጪ። ቀጥሎ ወደ ውጭ ከሚያይ ቡቃያ ትንሽ ከፍ ብለሽ ሰያፍ አድርገሽ ቁረጪ። ወደ ውስጥ በሚያይ ቡቃያ ላይ ከቆረጥሽ መሃሉ ይታፈናል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ዙሪያውን አልብሺው፤ ግንዱን ግን አያስነካው። አዲሱ ቀንበጥ ላይ ክሽክሽ (ቀንበጥ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ከወጣ በቀጭን የሳሙና ውሃ እጠቢው።

የጠቆሩት ችግኞችሽን የገደላቸው ውርጭ ይመስለኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ይከፋል። እናንተ ደግሞ እንጦጦ ሥር ናችሁ። ለስላሳ ችግኞችን ማታ በጆንያ ወይም በአሮጌ ጨርቅ ሸፍኚ፣ ጠዋት ግለጪ። ውሃ የምታጠጪውም ጠዋት ይሁን። ሥሩ ላይ ደረቅ ሣር ብትጎዘጉዢ እርጥበቱን ስለሚይዝልሽ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣው ውሃ ይበቃሻል። የአትክልት እጣቢም አትድፊ።

መልስ፦ የልጆች አያት

ልጄ፣ እናትሽን እንዲህ በማሰብሽ እግዜር ይባርክሽ። ዘመነ ጽጌም እኮ ገና አላለቀም፤ እስከ ኅዳር 5 ነው። አደዩን ደረቀ ብለሽ አትንቀዪው። ፍሬው ጠቁሮ በእጅ ሲነኩት የሚለቅ ሲሆን ልቀሚና በወረቀት አስቀምጪው። ሰኔ ላይ መሬቱን ጫር ጫር አድርገሽ በትኚው። የወደቀው ራሱ ይበቅላል፣ ብቻ ክረምት ላይ ስትኮተኩቺ አረም መስሎሽ እንዳትነቅዪው ለይተሽ እወቂው።

ጄራኒየሙን ደግሞ አብዢ። እኔ ከአንድ እግር ግቢዬን በሙሉ ሞልቻለሁ። አበባ ካልያዘ ቅርንጫፍ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ትቆርጫለሽ። የታችኛውን ቅጠል ታነሺለታለሽ። ጥላ ውስጥ አንድ ቀን ታሳድሪዋለሽ፣ ቁስሉ እንዲደርቅ። ከዚያ አሸዋ በበዛበት አፈር ትተክያለሽ። ውሃ ከበዛበት ይበሰብሳል። ሥር ሲይዝ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አድርገሽ በረንዳው ጥግ ደርድሪው። በጋውን ይችላል።

ለጎረቤትም የሥር ነገር ስጪ። የተቆረጠ አበባ ሳምንት ቢቆይ ነው፤ ችግኙ ግን ግቢያቸው ውስጥ ይኖራል። ያንቺ ቢደርቅ እንኳ ከእነሱ መልሰሽ ትወስጃለሽ። የእኔ ጄራኒየም ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለቴም ከጎረቤት ነው የተመለሰልኝ።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

እዚህ አበባ መሸጫ ውስጥ ነው የምሠራው። ቆርጠሽ ስትሰጪ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ቁረጪና ወዲያው ውሃ ውስጥ ክተቺ። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ አንሺ። ለአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና ይበቃል፤ ስኳሩ አበባውን ይመግባል፣ በረኪናው ውሃው ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል። በየሁለት ቀኑ ውሃውን ቀይሪ። ጽጌረዳ ሙሉ በሙሉ ሳይፈካ፣ የአበባው ቅጠሎች ፈታ ማለት ሲጀምሩ ነው የሚቆረጠው።

እኔ እንኳን እዚህ አደይ ሲናፍቀኝ ኮሪዮፕሲስ ነው የምተክለው። ቢጫነቱ በጣም ይመሳሰላል፤ ዘመድ ናቸው።

መልስ፦ ባለ አጥሩ

ለደረቁ የበጋ ወራት ቡጋንቪሊያን የሚያህል የለም። አንዴ ሥር ከሰደደ ውሃ አይጠይቅሽም። እንዲያውም ካበዛሽበት ቅጠል ብቻ ያወጣል። እሾህ ስላለው ከእናትሽ መተላለፊያ አርቀሽ አጥሩ ሥር ትከይው። በበልግ ዝናብ ደግሞ ግላዲዮለስ ሞክሪ፤ ሽንኩርት ከሚመስል ሥር የሚበቅል አበባ ነው። ከተተከለ በሦስት ወር ገደማ ያብባል። በሁለት ሳምንት ልዩነት አምስት አምስት ሥር አድርገሽ ከተከልሽ አበባውም በየተራ ይደርሳል።

ጠያቂዋ (ጥር 3)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ አትክልተኛው፣ የመጀመሪያውን ጽጌረዳ ኅዳር 2 ገረዝኩት፣ ታኅሣሥ 27 ሁለት አበባ ፈካ። የገና ዕለት እናቴ አንዱን ከፊት ለፊታችን ላሉት ሴትዮ በልጃቸው ላከችላቸው፣ ሌላውን አታስቆርጪብኝ አለችኝ። ሁለተኛው ጽጌረዳ አሁን ቀንበጡ ቀይ ቀይ ብሏል።

እማማ፣ ከተከልኳቸው ስምንት ጄራኒየሞች ስድስቱ ይዘዋል። ሁለቱ ውሃ አብዝቼባቸው በሰበሱ። ከስድስቱ ሦስቱን እናቴ ለማን እንደምትሰጥ ከአሁኑ ወስናለች። የአደዩ ፍሬ በፖስታ ታሽጎ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ቡጋንቪሊያውን ሰኔ ላይ እተክለዋለሁ፣ ክረምቱ ሥር እንዲያሲዝልኝ።