ጥቆማ፦ ፍራንክፈርት፣ ፓሪስ፣ ሮም፤ ሽንት ቤት የት ነው፣ በስንት ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በመጪው ወር ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት እንገባለን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ፓሪስ፣ በመጨረሻ ሮም። አራት ሰዎች ነን፤ አንዷ ስኳር ያለባቸው እናት፣ አንዱ የአራት ዓመት ልጅ። ሁለቱም ሲመጣባቸው ጊዜ አይሰጡም። የሆቴልና የምግብ ቤት ጥቆማ ሞልቷል፣ ስለ ሽንት ቤት የሚነግረን ግን አጣን። የት በነፃ ነው፣ የት በክፍያ? በሳንቲም ነው በካርድ?

ከፍራንክፈርት

መጀመሪያ ሳህኑንና በሩን ለዩ። ጀርመን ውስጥ ሽንት ቤት በሁለት መንገድ ያስከፍላል። አንደኛው ሳንቲም ካልጎረሰ የማይዞር የብረት በር ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለም፣ ከፍላችሁ ግቡ። ሁለተኛው በገበያ ማዕከሎችና በትልልቅ መደብሮች ሽንት ቤት ደጃፍ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሳህን ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ አጠገቡ ትቀመጣለች። ያ ጉርሻ ነው። 50 ሳንቲም ጣል ማድረግ የተለመደ ነው፤ በእጃችሁ ከሌለ ግን አመስግናችሁ ብታልፉ የሚይዛችሁ የለም። ጠረጴዛው ላይ ቁጥር ተጽፎ ብታዩም ዋጋ ሳይሆን ልመና መሆኑን እወቁ።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሁሉም ነፃ ነው። ሻንጣ ከተረከባችሁ በኋላ እናታችሁም ልጁም ባይመጣባቸውም ይግቡ። ምክንያቱም ወደ ከተማ የሚወስዳችሁ ኤስባን የሚባለው የከተማ ባቡር ሽንት ቤት የለውም፣ የምትወርዱበት ዋናው ጣቢያ ደግሞ በር ያለው ባለ 1 ዩሮ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄዱት ባቡሮች ግን ውስጣቸው ነፃ ሽንት ቤት አለ። ባቡሩ ሊደርስ 10 ደቂቃ ሲቀረው ተነሱ፤ ጣቢያ ወርዶ የሚከፍለው አብዛኛው ሰው ይህን የረሳ ነው።

እሑድ ቀን ሱቅ ሁሉ ዝግ ስለሆነ ባለ ሳህኖቹም አብረው ይዘጋሉ። በቅዳሜ ያያችሁትን የገበያ ማዕከል ተማምናችሁ እሑድ ልጅ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። በእሑድ የሚያዋጣው ሙዚየም፣ ካፌ ወይም ጣቢያው ነው።

አንድ ሌላ ነገር፦ በአንዳንድ ከተሞች የካፌና የሱቅ በር ላይ «ኔተ ቶይሌተ» የሚል ተለጣፊ ታያላችሁ፤ «ደግ ሽንት ቤት» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሌን በምትባል ከተማ የተጀመረ አሠራር ሲሆን፣ ከተማው ለባለቤቱ ይከፍለዋል፣ እሱ ደግሞ መንገደኛውን ሳይገዛ ያስገባል። ተለጣፊው ካለ ሳታፍሩ ግቡ። ሁሉም ከተማ ግን አልገባበትም።

በአውራ ጎዳናው ላይ

አውቶቡስ ስላላችሁ ይህን ጨምሩበት። በጀርመን አውቶባን ዳር ባሉት ትልልቅ ማደያዎች የምታገኙት ሽንት ቤት በአብዛኛው ሳኒፌር የሚባለው ነው። ዋጋው እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ በነፍስ ወከፍ 1 ዩሮ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት 70 ሳንቲም ነበር። ማሽኑ ሲያስገባችሁ የ1 ዩሮ ኩፖን ይተፋል። አትጣሉት፤ እዚያው ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ውስጥ እንደ ገንዘብ ይሠራል። ጉዳቱ የማደያ ሱቅ ዋጋ ከከተማ ሱፐርማርኬት በጣም የናረ መሆኑ ነው፣ በዚያ ላይ ለአንድ ዕቃ አንድ ኩፖን ብቻ ነው የሚቀበሉት። ስለዚህ ሦስት ኩፖን አከማችታችሁ አንድ ሳንድዊች ለመግዛት አታስቡ፤ ሦስት ማኪያቶ ወይም ሦስት ውሃ ቢሆን ነው የሚያዋጣው። ልጁ አይከፍልም፤ ከትልቁ በር ጎን ቁመታቸው ላልደረሰ ሕፃናት የተሠራች ትንሽ መግቢያ አለች፣ በእሷ ይለፍ።

መኪና ተከራይታችሁ ቢሆን ኖሮ ነፃውን እጠቁም ነበር። ማደያና ሱቅ የሌለባቸው ትናንሽ መቆሚያዎች ምልክታቸው ላይ ከመኪና ማቆሚያው ፊደል ጋር WC (ጀርመኖቹ «ቬትሴ» ይሉታል፣ ሽንት ቤት ማለት ነው) ካለበት ሽንት ቤቱ ነፃ ነው። መቀመጫው ብረት፣ ክፍሉ ባዶ፣ ሶፍቱ ብዙ ጊዜ ያለቀ። ለወንድ ይሆናል፤ ለእናት አልመርጠውም።

አውቶቡስ ላይ ያለውን ሽንት ቤት እንደ ዋና ዕቅድ አትያዙት። አብዛኛውን ጊዜ ያለው መካከለኛው በር አጠገብ፣ በጠባብ ደረጃ ወደ ታች ተወርዶ ነው። መኪናው እየሄደ ጉልበት ለሚያማቸው ሰው አደገኛ ነው። ታንኩ ሲሞላ ይቆለፋል፤ ከግማሽ መንገድ በኋላ ሶፍትም ውሃም ያልቃል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሾፌሩ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፣ እረፍቱንም 15 እና 30 አድርጎ መክፈል ይችላል። ስትሳፈሩ «የት ነው የምትቆሙት?» ብላችሁ ጠይቁት። እናታችሁም የውሃውን መጠጥ ወደ እረፍቱ አስጠግተው ያመጣጥኑት እንጂ ጨርሶ አይከልከሉ፤ ስኳር ላለበት ሰው ውሃ ማቆም መፍትሔ አይደለም።

ለእናንተ ሁኔታ ግን የኔ ምርጫ ባቡሩ ነው። ከፍራንክፈርት ፓሪስ በቀጥታ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ በየፉርጎው እየተሄደ የሚገባበት ሽንት ቤት አለ። የዋጋው ልዩነት በቅድሚያ ከተቆረጠ ብዙ አይደለም።

ከፓሪስ

ወንድማችን ጀርመንን ጨርሶታል፤ እኔ ፓሪስን ልያዝ። እዚህ መንገድ ዳር ያለው ነፃ ነው። ሳኒዜት ይባላል፤ ዳሶች ናቸው፣ ከ400 በላይ አሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ክፍያ የለባቸውም። አብዛኞቹ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይሠራሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆኑም አሉ።

አጠቃቀሙ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። በሩ አጠገብ መብራት አለ፤ አረንጓዴ ከሆነ ክፍት ነው፣ ቢጫ ሰው አለበት፣ ሰማያዊ እየታጠበ ነው፣ ቀይ ተበላሽቷል። ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ በሩ ተዘግቶ መቀመጫውና ወለሉ በራሱ ይታጠባል። ስለዚህ የወጣው ሰው በትሕትና በሩን ቢይዝላችሁ «አመሰግናለሁ» ብላችሁ አትግቡ! ይዘጋ፣ ይታጠብ፣ አረንጓዴው ሲበራ ቁልፉን ተጫኑ። ተከታትሎ የገባ ሰው ያልታጠበ መቀመጫ ያገኛል፣ ማሽኑም ይዘበራረቅበታል። ወለሉ እርጥብ ስለሚሆን ቦርሳ መሬት አታስቀምጡ፣ እናታችሁን በእጅ ደግፉ። ልጁ ብቻውን እንዳይገባ፤ ከአዋቂ ጋር ነው የሚገባው። ሶፍት ከሰዓት በኋላ የለም ብላችሁ አስቡ።

ሜትሮ ውስጥ አትፈልጉ፤ የለም ማለት ይቻላል። ትልልቅ የባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ያለው በር ያለው ነው፣ ወደ 1 ዩሮ ያስከፍላል፣ ካርድም ይቀበላል፤ ከሳኒዜት የሚሻለው ሁልጊዜ ጠባቂ ስላለውና ንጹህ ስለሆነ ነው። ከሆቴል በፊት ልብስ መቀየር ያስፈለገው ልጅ ካለ ያን 1 ዩሮ አልቆጥብም።

ፈጣን ምግብ ቤቶች በር ላይ የቁጥር መቆለፊያ ያደርጋሉ፣ ቁጥሩ ያለው ደረሰኙ ግርጌ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ አትጣሉ። ካፌ ከገባችሁ ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ የምትጠጡት ቡና በረንዳ ላይ ከምትቀመጡበት ይረክሳል፤ ሽንት ቤቱ ግን አንድ ነው።

በአውራ ጎዳና ላይ ፈረንሳይ ከጀርመን ትሻላለች። የማረፊያ ቦታዎቹ ሽንት ቤት ነፃ ነው። አሮጌዎቹ ውስጥ ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት አለ፤ ፈረንሳዮቹ «የቱርክ» ይሉታል። ለኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ ጉልበታቸው ለሚያማቸው ግን ቀጥሎ ያለውን በር ክፈቱ፣ ብዙውን ጊዜ ባለ መቀመጫው እዚያ ነው።

ከሮም

ሮም ውስጥ ቃሉን ታውቁታላችሁ። ወላጆቻችን «ባኞ ቤት» የሚሉት ከዚሁ የመጣ ነው፤ «ኢል ባኞ፣ ፔር ፋቮሬ» ካላችሁ በቂ ነው።

የሮም አሠራር በር ወይም ሳህን ሳይሆን ቡና ነው። መንገድ ላይ ያለ የሕዝብ ሽንት ቤት ጥቂት ነው፣ ግን በየመቶ ሜትሩ ባር አለ። «ባር» ሲሏችሁ መጠጥ ቤት አይምሰላችሁ፣ ቡና ቤት ነው። መጀመሪያ «ካሳ» የሚሉት ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ባንኮኒው ላይ ታዛላችሁ፣ ከዚያ ትጠይቃላችሁ። አንዳንዱ ቁልፉን ከባንኮኒው ኋላ ነው የሚያስቀምጠው። ለአራት ሰው አራት ቡና አይጠበቅባችሁም፤ አንድ ቡናና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይበቃል። ማኪያቶ ካዘዛችሁ ደግሞ የምትጠብቁት የአዲስ አበባው አይደለም። በትንሿ ስኒ፣ ወተት ጠብ የተደረገበት ነው የሚመጣላችሁ። የኛን የሚመስለውን ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ በሉ።

ዋናው የባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ውስጥ ያለው ባለ በር ነው፣ 1 ዩሮ። ቫቲካን አደባባይ ላይ ከአምዶቹ ጎን ነፃ አለ፣ ሙዚየሞቹ ውስጥም እንዲሁ። አብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ አትጠብቁ፤ ለቱሪስት ክፍት አያደርጉም። ኮሎሲየም ውስጥ አለ፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው፣ እንደገባችሁ ሂዱ። ኮሎሲየምን ያስጀመረው ንጉሥ ቬስፓስያኖስ ከሽንት ቤት ሽንት ለሚሰበስቡት ቀረጥ የጣለ ሰው ነው፤ ጣሊያኖች የመንገድ ዳር መሽኛን በስሙ «ቬስፓስያኖ» ብለው ጠርተውታል። 1 ዩሮዋ ስታናድዳችሁ እሱን ውቀሱት።

መታጠብ ለለመደ ሰው፦ በሕዝብ ሽንት ቤት የውሃ ጎማ የለም። ቦርሳ ውስጥ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያዙ። ሮም መንገድ ዳር ላይ ሌት ተቀን የሚፈሱ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ «ናዞኒ» ይሏቸዋል፤ ውሃው የሚጠጣ ነው፣ በነፃ ሙሉ። እርጥብ መጥረጊያ ከተጠቀማችሁ ቅርጫት ውስጥ እንጂ መቀመጫው ውስጥ አትጣሉ፣ ይዘጋል።

ጥያቄ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሳንቲሙን ከየት እናምጣ? ከዚህ የምንይዘው የ50 ዩሮ ኖት ነው። ካርድስ?

ከፍራንክፈርት

ዋናው ነገር ገንዘቡ ሳይሆን ዝርዝሩ ነው። በሩ ኖት አይበላም። ጠባቂ ባለበት ይዘረዝሩላችሁ ይሆናል፣ ሌሊት ግን ጠባቂ የለም። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ካለው ሱፐርማርኬት ውሃና ዳቦ ግዙና መልሱን በ1 ዩሮና በ50 ሳንቲም ጠይቁ። ሳይገዙ «ዝርዝር ስጡኝ» ማለት እዚህ አይወደድም፤ ገዝቶ መጠየቅ ግን ነውር የለውም። ለአንድ ቀን ስድስት ባለ 1 ዩሮና አራት ባለ 50 ሳንቲም ይበቃችኋል፤ በተለየ ትንሽ ቦርሳ ያዙትና አንድ ሰው ይሸከመው። ቀያዮቹን፣ ባለ 1፣ 2 እና 5 ሳንቲሞቹን በሩ ይተፋቸዋል፣ ዳቦ ቤት ጨርሷቸው።

ካርድ የሚነካባቸው በሮች በዝተዋል። አንድ ካርድ ለአራት ሰው ይሠራል፤ አንድ ሰው አልፎ በሩ ከተቆለፈ በኋላ እንደገና ንኩ እንጂ አከታትላችሁ አትንኩ፣ ሁለት ጊዜ ቆርጦ አንድ ሰው ብቻ ያስገባችኋል። የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ካርድ ከሆነ ደግሞ በሩ ላይ ቁጥር መጫኛ ስለሌለ ይከለክላችኋል። ካርዱን ተማምናችሁ ያለ ሳንቲም አትውጡ።

ስልክ ላይ ካርታ ካወረዳችሁ «ኦርጋኒክ ማፕስ» ያለ ኢንተርኔት ሽንት ቤቶችን ያሳያል። የተከፈተና የተዘጋ መሆኑን ግን አትመኑበት።

ሌላ ጠያቂ

በኢስታንቡል በኩል ለምንሄደውስ?

መልስ

አውሮፕላን ማረፊያው ነፃ ነው። ከተማው ውስጥ በብዙ መስጊዶች ጎን ሽንት ቤት አለ፤ ውዱእ ማድረጊያው ነፃ ነው፣ ሽንት ቤቱ ብዙ ቦታ ያስከፍላል። ዋጋው ከሊራው ጋር ስለሚለዋወጥ በሩ ላይ የተጻፈውን እዩ፣ ትልቅ ኖት አታውጡ። በከተማው አስተዳደር ሽንት ቤቶች የትራንስፖርት ካርዱ፣ ኢስታንቡልካርት፣ ይሠራል። መታጠቢያ ውሃ በየቦታው አለ፤ ከመቀመጫው ኋላ ከምትወጣ ትንሽ ቧንቧ ነው የሚመጣው፣ መክፈቻው ግድግዳው ላይ በቀኝ በኩል ነው።

ወደ ሎንደን የምትሻገሩ ካላችሁ፣ ኔትወርክ ሬይል የሚያስተዳድራቸው ትልልቅ ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ሽንት ቤታቸው ነፃ ሆኗል፣ የአውራ ጎዳና ማረፊያዎቹም ነፃ ናቸው።

ከሮም

የበር ጽሑፍ ረስተናል! ጀርመን ውስጥ «ሄረን» የተባለው የወንዶች ነው፤ የእንግሊዝኛው «ሄር» («የሷ») መስሏቸው ሴቶች ይገባሉ። «ዳመን» የሴቶች ነው። ፈረንሳይም ኤች ፊደል የወንድ ነው። ጣሊያን «ሲኞሪ» ወንዶች፣ «ሲኞሬ» ሴቶች፤ አንዲት ፊደል ናት የምትለያቸው። «ኡኦሚኒ» ወንዶች፣ «ዶኔ» ሴቶች።

ደግሞ ጣሊያን ሆቴል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከላይ የተንጠለጠለ ገመድ ካያችሁ፣ የድንገተኛ ጥሪ ነው። ልጁ የውሃ መልቀቂያ መስሎት እንዳይስበው፤ የውሃው መልቀቂያ ግድግዳው ላይ ያለ ሰፊ ቁልፍ ነው፣ አሮጌ ቤት ከሆነ ደግሞ በእግር የሚረገጥ ፔዳል።