የገብስ ዘር በአልትራሳውንድ፦ ስንት ደቂቃ ይበቃዋል?

በሬሳ፦
ሰላም ወገኖች፣ ከደብረ ብርሃን ነው። በአልትራሳውንድ (ጆሮ በማይሰማው ቀጭን ድምፅ) የሚሠራ፣ 40 ኪሎኸርዝ፣ 2 ሊትር ውሃ የሚይዝ የመነጽር ማጽጃ አለኝ። የገብስ ዘር 30 ደቂቃ ባቆየው ቶሎ ይበቅላል ወይስ ይሞታል? ባቄላስ? ሶኬት ላይ የሚሰካው የአይጥ ማባረሪያስ ለዚህ አይሆንም?

ጓሳ፦
30 ደቂቃ በጣም ይበዛል። በ5 ጀምር፣ ከዚያ 10 እና 15 ሞክር። ሥራውን የሚሠሩት ድምፁ ውሃ ውስጥ የሚፈጥራቸው ጥቃቅን አረፋዎች ናቸው። ዘሩ ላይ ሲፈርጡ ልጣጩን በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጡበታል፤ ውሃ ቶሎ ይገባል፣ ስታርቹን የሚሰባብሩት ኢንዛይሞችም ቀድመው ሥራ ይጀምራሉ። ሲበዛ ያው አረፋ ፅንሱን ይጎዳል።

ማሞቂያውን አጥፋው፤ ማሽኑ ራሱ ውሃውን ያሞቀዋል። ቴርሞሜትሩ 30 ዲግሪ ካለፈ አቁመህ ቀዝቃዛ ውሃ ቀይር። መጀመሪያ ዘር ሳታስገባ ውሃውን 10 ደቂቃ አስኪደው፣ የሟሟው አየር ይውጣ፤ አየር ያለበት ውሃ ጉልበቱን ይበላዋል። ከዚያ 50 ግራም ያህል ዘር በሽቦ ወንፊት ስስ አድርገህ አንጠልጥል፣ ታቹን አይንካ። ጉልበቱ ሁሉም ጋ እኩል አይደርስም፦ የምግብ ፎይል ቁራጭ ለ1 ደቂቃ ብትይዝበት አንዳንድ ቦታ ወንፊት ይሆናል፣ ሌላው እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ወንፊቱን እያንቀሳቀስክ ያዝ፤ እጅህን ግን ውሃው ውስጥ አትክተት። ያለ ውሃ ካስነሣኸው ማሽኑ ይቃጠላል። መድኃኒት የተለወሰ ዘርም አይገባም።

የአይጥ ማባረሪያው አይሆንም። ድምፁ ከአየር ወደ ዘር ሲሻገር ከሞላ ጎደል ሁሉም ተንጸባርቆ ይመለሳል።

ማሾ፦
ጓሳ ያላለውን ልጨምር። ብዙ ሰው ደረቅ ዘርን ከታከመው ጋር ያወዳድርና ለውጡን ለማሽኑ ይሰጣል፤ ለውጡን ያመጣው ግን ውሃው ሊሆን ይችላል። ሦስት ምድብ አድርግ፦ ደረቅ፣ በዚያው ሙቀት ለዚያው ደቂቃ ውሃ ውስጥ ብቻ የቆየ፣ እና አልትራሳውንድ የገባ። ከየምድቡ 400 ዘር፣ በ100 በ100 ከፍለህ እርጥብ ወረቀት ላይ 20 ዲግሪ አካባቢ አስቀምጥ። ገብስ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን ይቆጠራል። ዘሩ አዲስ የታጨደ ከሆነ ገና እንቅልፍ ላይ ነው፤ መጀመሪያ እርጥብ ወረቀት ላይ እንዳለ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ለጥቂት ቀናት አቀዝቅዘው፣ አለዚያ ውጤቱ ያሳስትሃል።

ባቄላ ላይ ተጠንቀቅ። በጣም የደረቀ ባቄላ ውሃ በድንገት ሲገባው ክኩ ይሰነጠቃል፣ አልትራሳውንድ ደግሞ ያንን ያፋጥናል። በ2 ደቂቃ ጀምር።

በሬሳ፦
አመሰግናለሁ። ለበልግ ማሳስ?

ማሾ፦
ለሄክታር ከ100 ኪሎ በላይ ዘር እየፈለግህ 50 ግራም በ50 ግራም አይዘለቅም። ለብቅል ሙከራ ወይም ለትንሽ መደብ ያዘው። የታከመውን በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ላይ ዝራ፤ በልጉ ካላስተማመነ ተወው፣ የነቃ ዘር ደረቅ አፈር ላይ ይሞታል።