ወደ ጎንደር ይምጣ ወይስ እዚያው ይቆይ? የገጠር መዝገብ ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ወረዳ፣ ስሙን አልጠራም፣ ወደ አዲስ ሕንፃ እየገባ ነው። የአሮጌው መዝገብ ቤት ወረቀት ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ በረንዳ ላይ ተደርድሯል። በዓይኔ ነው ያየሁት። አንዱን ገለጥ ሳደርግ ከላይ ያገኘሁት በ1950ዎቹ የተጻፈ አቤቱታ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት የእርሻው ግብር በስሟ እንዲዞርላት ትጠይቃለች። ከግርጌው የጣት አሻራ አለ። ዘበኛውን "ይሄ ሁሉ ወዴት ነው?" አልኩት። "ማገዶ ይሁን ጎንደር ይሂድ ገና አልተወሰነም" ብሎ ሳቀ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የየወረዳው የድሮ መዝገብ ጎንደር ከተማ በአንድ ቦታ ይሰብሰብ? ወይስ እዚያው በወረዳው ይቆይ? በየደብሩ ያለው ብራናስ? መሳደብ የለም።

የታሪክ መምህሩ፦
ይሰብሰብ። ነገ ሳይሆን ዛሬ።

የጎንደር ታሪክ ሲባል ምን ይታወሰናል? ግንብ። አፄ ፋሲል፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ እቴጌ ምንትዋብ። ግንቡን ዞሮ ያየ ሰው ጎንደርን ያወቀ ይመስለዋል። ለግንቡ ሰዎች ጤፍ የሚያመርተው ደምቢያ የት ገባ? በለሳ የት ገባ? ወገራስ? ጃናሞራስ?

የገበሬው ታሪክ ያለው እነዚያ ከረጢቶች ውስጥ ነው። ቤጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት በሚባልበት ጊዜ ከጠቅላይ ግዛቱ በታች አውራጃ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ምክትል ወረዳ ነበር። ወረቀት በዚህ መሰላል ይወጣል ይወርዳል። አሥራት ስንት ተሰበሰበ፣ የትምህርትና የጤና ግብር ማን ከፈለ ማን ቀረ፣ የጭቃ ሹም ሹመት ክርክር፣ የሽፍታ ወሬ፣ የገበያ ቀን ጠብ፣ የአንበጣ ዘገባ፣ ሁሉም እዚያ አለ። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ጎጃም በአመፅ ተነሣ። ይህን ሁሉም ያውቃል። እዚህ እኛ ዘንድ አንድ ምክትል ወረዳ ውስጥ ገበሬው ምን አለ? ይህን የሚነግረን የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ሳይሆን ያ የታጨቀ ወረቀት ነው።

ተማሪዎቼ ለመመረቂያ ጽሑፍ ከወረዳ ወረዳ ይንከራተታሉ። አንዱ ያየውን ፋይል በዓመቱ ሌላው ሲሄድ አያገኘውም። "ነበረ" ይባላል። ይቺ "ነበረ" የምትባል ቃል ገደለችን።

የደምቢያ ልጅ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን "ማዕከል" የሚል ቃል ስሰማ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። የቆላድባ ገበሬ የአያቱን ወረቀት ለማየት ጎንደር ድረስ የደብዳቤ ድጋፍ ይዞ ሊመጣ ነው? በር ላይ መታወቂያ ሊጠየቅ? ነገ ደግሞ ጎንደር አይበቃም ተብሎ አዲስ አበባ ይጫናል።

ዲያቆን፦
የደምቢያው ልጅ እውነቱን ነው። እኛ ጎንደሮች እኮ መሰብሰብ የሚባለውን ነገር አንድ ጊዜ ቀምሰነዋል። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ሲያስዘርፉ የየአድባራቱን መጻሕፍት ወደ መቅደላ ወሰዱ። ሐሳባቸው ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ትልቅ የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ማቋቋም ነበር ይባላል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን ምን ሆነ? በሚያዝያ 1860 እንግሊዝ መቅደላ ገባ። አንድ ቦታ ተከምሮ የቆየው ነገር አንድ ጊዜ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ሄደ። ወደ 350 የሚሆን ብራና ሎንደን ገባ። በአርባ አራቱ ታቦት ተበትኖ ቢቆይ ኖሮ ማን ያን ሁሉ ለቅሞ ይወስደው ነበር?

የአባ እንጦንስ ነገርስ? በ1924 ዓ.ም. መጨረሻ ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ ቡድን መጣ። የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ከግድግዳው ነቅሎ በምትኩ አዲስ ቅጂ ለጠፈ። ምክንያቱ "ልናድነው" ነበር። ዋናው ዛሬ ፓሪስ ነው። እና "ለደህንነቱ ሲባል ይወሰድ" የሚል ሰው ስሰማ አልፈርድም፤ ግን ደንግጬ ነው የምሰማው።

የታሪክ መምህሩ፦
ዲያቆን፣ ታሪኩን ግማሽ መንገድ ላይ አቆምከው። በ1880 ዓ.ም. የሱዳኑ ድርቡሽ ጎንደር ሲገባ ምን ሆነ? አድባራቱ ነደዱ። የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ሳይቀር። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ ንብ ወጥቶ አባረራቸው የሚለውን አባቶች ይነግሩናል። ሌሎቹ ግን ንብ አልነበራቸውም። እዚያው በመቆየታቸው የዳኑ አሉ፤ እዚያው በመቆየታቸው የነደዱም አሉ። ተበትኖ መቀመጥ ብቻውን መዳኛ አይሆንም።

ዲያቆን፦
ይሁን። ተቀብያለሁ። ግን ብራናውን ከወረዳ ወረቀት ጋር አትደባልቁብን። ብራና ይነበባል፣ ይቀደስበታል። ገና ጡረታ አልወጣም።

አወያይ፦
ግን ዲያቆን፣ በብራናው ባዶ ቅጠል ላይ የተጻፈው ነገር መዝገብ አይደለም እንዴ? የመሬት ሽያጭ፣ የጉልት ስጦታ፣ ኑዛዜ፣ ዋስና ምስክር ሁሉ እዚያ አለ። በጎንደር ዘመን ውል የሚጻፈው የደብሩ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ነበር። ማንም ደፍሮ አይሰርዘውማ። ዶናልድ ክረሚ የተባለው የታሪክ ምሁር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር በዚህ አገር አድባራት የነበሩ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ፎቶ አንሥቶ ብዙ አወጣ። አንዱ የገረመኝ የሴቶቹ ነገር ነው። መሬት የሚሸጡ፣ የሚገዙ፣ የሚያወርሱ ሴቶች በስማቸው አሉ። ዜና መዋዕሉ የንግሥቲቱን ስም ብቻ ሲያነሣ፣ ኅዳጉ የጎረቤቷን ሴት ስም አስቀመጠልን።

ዲያቆን፦
እሱስ ልክ ነው። ታዲያ ፎቶ አንሥተው መጽሐፉን እዚያው ተዉት አይደል? ስምምነቴ በዚያ ነው።

የኮምፒውተሩ ልጅ፦
ሰዎች፣ ለምንድን ነው የምንጨቃጨቀው? ስልክ አለ፤ ስካን አድርጎ ኢንተርኔት ላይ መጫን ነው። በሁለት ወር ያልቃል። ወረቀቱ የትም ቢቀመጥ ምን አገባን?

ጡረተኛዋ፦
ልጄ፣ ሁለት ወር? እኔ መዝገብ ቤት 27 ዓመት ሠርቻለሁ። እስኪ ልንገርህ።

ፋይል ብቻውን ፋይል አይደለም። የገቢ ደብዳቤ መዝገብ አለ፣ የወጪ ደብዳቤ መዝገብ አለ። ትልልቅ ደብተሮች ናቸው። አንድ አቤቱታ ሲገባ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ከማን እንደመጣ፣ ለማን እንደተመራ ይጻፋል። ደብተሩ ከጠፋ ወረቀቱ ወላጅ አልባ ይሆናል። አንተ አንድ ሺህ ፎቶ ታነሣለህ። የትኛው ከየትኛው ፋይል እንደወጣ ካልጻፍክ አንድ ሺህ የጠፉ ልጆች ነው የሰበሰብከው። አወያይ፣ አንተ ያየሃት ባሏ የሞተባት ሴት አቤቱታዋ በረንዳ ላይ ነው። መልሱስ? ተፈቀደላት ወይስ ተከለከለች? መልሱ በወጪ ደብተሩ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ስንተኛው ከረጢት ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል።

ከረጢቱ ነገርስ? ማዳበሪያ ውስጥ ወረቀት ይታፈናል። ክረምት ሲመጣ ያልበዋል፤ ከዚያ ሻጋታ። መሬት ላይ ካስቀመጥከው ምስጥ ይወጣበታል፤ ግድግዳ ካስጠጋኸው እርጥበት ይስበዋል። በእኛ ጊዜ መደርደሪያውን ከግድግዳ ፈቀቅ፣ ከወለል ከፍ አድርገን ነበር የምንሠራው። ፈረንጅ አላስተማረንም፤ ምስጡ ነው ያስተማረን። ስፒሉም ይዝጋል፤ ወረቀቱን በልቶ ይቀደዋል። የካርቦን ቅጂ ደግሞ ከዓመት ዓመት ይደበዝዛል። ዋናው ለበላይ ተልኮ ወረዳው ውስጥ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ያ ካርቦኑ ነው። በጥላሸት ቀለም የተጻፈው ብራና 300 ዓመት አልፎት ይነበባል፤ የእኛ ታይፕ 60 ዓመት አልሞላውም፣ ጠፋ።

ደግሞ ወረቀት የሚጠፋው በምስጥ ብቻ አይደለም። ደርግ ሲመጣ የፊውዳል ወረቀት ተብሎ የተጣለ አለ። በ83 ግርግር ጊዜ በርበሬ ገዝቼ የተጠቀለለበትን ስፈታ የራሴ መሥሪያ ቤት ማኅተም አገኘሁበት። የእጄን ጽሑፍ። በርበሬውን ወጥ ሠራሁበት፤ ወረቀቱን እስከ ዛሬ አስቀምጫለሁ።

የኮምፒውተሩ ልጅ፦
እትዬ፣ ይቅርታ። ወረቀት አይቼ የማላውቅ ሰው ሆኜ ነው የተናገርኩት። ግን ፎቶው ራሱ ይቅር አላሉም አይደል?

ጡረተኛዋ፦
አላልኩም። ፋይሉን በቁጥሩ ይዘህ፣ ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻ፣ ጀርባውንም ሳትዘል አንሣ። ጀርባው ላይ ነው የአለቃው ትእዛዝ የሚጻፈው። የተቀደደውን በስኮች እንዳትለጥፍብኝ ብቻ።

ጠበቃው፦
ሁላችሁም "ይከፈት፣ ይጫን" ትላላችሁ። እኔ ደግሞ የምፈራው መከፈቱን ነው።

ርስት በየካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ ቀርቷል። የድሮ የርስት ወረቀት ዛሬ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሬት አያስመልስም። ይህን ሕግ የሚያውቅ ያውቃል። ሽማግሌ ፊት ግን ያ ወረቀት አሁንም ይነበባል። "የአያቴ ነው፣ ይኸው ማኅተሙ" ሲባል በሁለት ወንድማማች መካከል ስንት ነገር እንደሚነሣ እኔ ቢሮ መጥታችሁ እዩ። የቀበሌ ወሰን ሲሆንማ ከወንድማማች አልፎ ይሄዳል።

በ1989 ክልሉ ውስጥ የተደረገውን የመሬት ሽግሽግ አስታውሱ። "ቢሮክራት" (በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሹም የነበረ) እና "የፊውዳል ርዝራዥ" እየተባለ በስም ዝርዝር ተለይቶ መሬት የተቀነሰበት ሰው አለ። የሰየመውና የተሰየመው ልጆች ዛሬ አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። ያን ዝርዝር ነገ ስልክ ላይ ልትለቁት ነው? የሌብነት ክሱ፣ የጋብቻ ጠቡ፣ በነጻ የተለቀቀው ሰው ፋይልስ? በነጻ መለቀቁን ማንም አያነብም፤ መከሰሱን ነው የሚያነበው።

የደምቢያ ልጅ፦
እና ይቃጠል?

ጠበቃው፦
ኧረ በጭራሽ! የመንግሥት መዝገብ እንዲሁ አይወገድም። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 ለምን ወጣ? እኔ የምለው ይጠበቅ፣ ይቆጠር፣ ይመዝገብ ነው። የቅርቡ ግን ለተወሰነ ዓመት ይዘጋ። የ1950ዎቹ የአሥራት ደብተር ነገ ጠዋት ይከፈት፤ ማንንም አይጎዳም። የ89ኙ ዝርዝር ግን ባለቤቶቹ በሕይወት አሉ።

የታሪክ መምህሩ፦
የሚዘጋው ዓመት ስንት ይሁን? ማን ይወስን? "ለተወሰነ ጊዜ" ብላችሁ ቁልፉን የምትሰጡት ለዚያው ወረቀቱን በረንዳ ላይ ለጣለው ሰው ነው። ታሪክ ሲዘጋ ወሬ ይተካዋል። ዝርዝሩን ማንም ባያየውም ሁሉም በቃሉ ይጠቅሰዋል፤ ያውም ጨምሮበት። ስሙ የሌለበትን ሰው "አለበት" ሲሉት እኔው ራሴ ሰምቻለሁ።

ጠበቃው፦
እሱ ላይ አልከራከርም መምህር። እውነት አለው።

አወያይ፦
እኔ አወያይ ነኝና ገለልተኛ መሆን ነበረብኝ። አልቻልኩም። የወረዳው ወረቀት ወደ ጎንደር ይምጣ፤ ዩኒቨርሲቲም ይሁን ሌላ፣ ደረቅ ክፍልና ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ያለበት ቦታ ይግባ። ግን ከመነሣቱ በፊት እዚያው ይቆጠር፤ የዝርዝሩ አንድ ቅጂና የፎቶው ቅጂ ወረዳው ላይ ይቅር። የቆላድባው ገበሬ እዚያው ሆኖ ይጠይቅ። ብራናው ግን ከደብሩ አይነቃነቅ። ዕቃ ቤት ጠባቂው ባለበት፣ በእሱ ፈቃድ፣ በእሱ ፊት ፎቶ ይነሣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠር ብራና በዚህ መንገድ ቀድቷል፤ ቅጂው አሜሪካ ሚኒሶታ ድረስ አለ። አብዛኛው ግን የሸዋ ነው። ወደኛ ሳይደርስ ዘመኑ ተለወጠ።

የደምቢያ ልጅ፦
ከመነሣቱ በፊት ይቆጠር ካልክ አብሬህ ነኝ። ሳይቆጠር የተጫነ ነገር ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

ዲያቆን፦
እኔም። የእኛን ደብር አለቃ ማነጋገር እችላለሁ። ግን ካሜራ ይዛችሁ በድንገት እንዳትመጡ፤ መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ኑ፣ ቡና ጠጡ።

የኮምፒውተሩ ልጅ፦
ቅዳሜ ወረዳው ብንሄድስ? ዝናቡ ሳይጀምር ቢያንስ ከረጢቶቹን ከበረንዳ እናስገባቸው። የአሮጌው ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ጡረተኛዋ፦
እኔ ጋ ነበር። ጡረታ ስወጣ በፊርማ አስረክቤያለሁ።

የኮምፒውተሩ ልጅ፦
ለማን? የርክክቡ ወረቀት አለ?

ጡረተኛዋ፦
አለ እንጂ። መዝገብ ቤት ነው ያለው።