የአባቴ የማንኪያ መንጠቆዎች ሐይቅ ላይ እምቢ አሉኝ፣ ምን ላድርግ?

የኮምቦልቻው

ሰላም ያ ጀማዓ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ዱሮ ባሌ ሾፌር ነበር። ዲንሾ አካባቢ ትራውት ሊያጠምዱ የሚመጡ ፈረንጆችን ይዞ ይዞር ነበር። ባለፈው እናቴ ቆጥ ስታጸዳ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘች። ውስጡ አምስት የማንኪያ መንጠቆ አለ። ላላያችሁት፣ እጀታው የተቆረጠ ማንኪያ በሉት። ጠበብ ባለው ጫፉ ክሩ የሚታሰርበት ቀለበት፣ በሰፊው ጫፍ ሦስት ጥርስ ያለው መንጠቆ። አንዱ ቀይና ነጭ ሰንበር አለው፣ ሆዱ መዳብ ይመስላል። የቀሩት ጠቁረው ምን እንደሆኑም አይለዩም።

ከጓደኛዬ ዘንግ ከነመጠቅለያው ተውሼ ሦስት እሁድ ሐይቅ ወረድኩ። ወላሂ አንድም አልነካኝም። እወረውራለሁ፣ እስባለሁ፣ እወረውራለሁ። አጠገቤ አንድ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ በሸምበቆና በትል ቆሮሶ በቆሮሶ ላይ ሲደረድር እኔ የፈረንጅ ዕቃ ታጥቄ የሱን አሳ እቆጥርለታለሁ። ይባስ ብሎ ክሩ እንደ ሹሩባ ተጎነጎነብኝ፣ ቆርጬ ጣልኩት።

ይሄ ነገር ለትራውት ብቻ ነው ወይስ ለኛም አሳ ይሆናል? አሳሳቤ ነው ችግሩ? ወይስ ቆርቆሮውን ወደ ቆጡ ልመልሰው?

የሐይቅ ዳር ልጅ

አብሽር ወንድሜ፣ ጥፋቱ ሁሉ ያንተ አይደለም። ቆሮሶ ማንኪያ አያሳድድም። በብዛት የሚበላው ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ደቃቅ ነገር ነው። ትል አፉ ድረስ ከመጣለት አይጠላም፣ የሚሮጥ ብረት ግን ምኑ ነው? ወንዱ በመራቢያ ጊዜ ቦታውን ሲጠብቅ ብቻ ነው አንዳንዴ የሚነክሰው፣ ያም ሊበላው ሳይሆን ሊያባርረው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ባትነካው ደስ ይለኛል።

ለነገሩ ቆሮሶ ራሱ ለሐይቃችን እንግዳ ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው አምጥተው የለቀቁት። ዛሬ በጾም ወራት ደሴ ላይ የሚሸጠውን አሳ ያየ ሰው ከኖህ ዘመን ጀምሮ እዚያ የነበረ ይመስለዋል።

ላንተ ማንኪያ የሚሆነው አዳኙ ነው፣ አምባዛ። እሱ ከዓይኑ ይልቅ በጢሙና በማሽተት ነው የሚኖረው፣ ግን አጠገቡ ውሃው ሲናወጥ ያውቃል። ረፋድ ላይ አትልፋ። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ዳር ወደ ሣሩ ሲጠጋ ጠብቀው። መሐሉን ተወው፣ እዚያ 80 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ማንኪያህ ወለሉን ሳያይ ይመሽብሃል።

ዲንሾ የኖረ

ልጄ፣ መጀመሪያ ያን ቀይና ነጩን እንዳትጥለው። እንደገለጽከው ከሆነ ዳርዴቭል የሚሉት ዓይነት ነው። ዲትሮይት ከተማ ሉ ኤፒንገር የሚባል ሰው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው። ‘ዴቪል’ ማለት ሰይጣን ነውና አማኞች እንዳይቀየሙት ሆን ብሎ ፊደሉን አዛነፈው ይባላል። አንተ ደግሞ እሱኑ ይዘህ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሥር ትወረውራለህ! እንዴት ይያዝልህ?

ቀልዱን እንተወውና፣ ትራውት ፍለጋ ወሎ ውስጥ አትንከራተት። ባሌ ያሉትም ከኬንያ መጥተው የተለቀቁ ናቸው፣ ዌብና ሻያ ወንዞች ላይ። ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚስማማቸው፣ ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሲሆን በደንብ ይበላሉ። አንድ ቀን ከሄድክ የባሌ ተራሮች ፓርክ ቢሮ ጎራ ብለህ ፈቃዱን ጠይቅ። ከባዱን ማንኪያም እቤትህ ተወው፣ ለነዚያ ጠባብ ወንዞች ከ4 እስከ 7 ግራም ይበቃል።

አሁን ወደ ክርህ። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ስለምትፈጥን ነው። የማንኪያው ሙያ መንገዳገድ ነው። ጎድጓዳ ስለሆነ ውሃው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይገፋዋል፣ እንደቆሰለ ትንሽ አሳ እየተንገዳገደ ያበራል። ስትፈጥንበት መንገዳገዱን ትቶ እንደ እንዝርት ይሾራል፣ ክሩንም አብሮ ይፈትለዋል። አሳ የሚሾር ነገር ጨርሶ አይነካም አልልህም፣ ለመሾር ተብለው የተሠሩ ሌሎች አሉ። ያንተው ግን ለመንገዳገድ ነው የተሠራው። ክሩና ማንኪያው መሐል የምትሽከረከር ትንሽ ማያያዣ አስገባ፣ ትረዳለች። ግን አትታመንባት፣ መድኃኒቱ ቀስ ማለት ነው።

ፍጥነቱን እንዴት ታውቃለህ? እግርህ ሥር ጥልቀት በሌለው ጥርት ባለ ውሃ ላይ ሁለት ክንድ ያህል ክር ለቀህ ጎትተው። እያየኸው አዝግም፣ ከዚያ ፍጠን፣ መሾር ሲጀምር ታያለህ። ከዚያች ትንሽ ዝቅ ያለችው ፍጥነት ናት ያንተ። እያንዳንዱ ማንኪያ የራሱ አለው፣ ስሱ ቀስ ይላል፣ ወፍራሙ ትንሽ ይፈጥናል።

ሁለተኛው ነገር ማቆም ነው። ሳብ፣ ሳብ፣ ተወት። ስትተወው እንደ ቅጠል እየተገለባበጠ ይወርዳል፣ አሳው ከኋላ ሲከተል ቆይቶ ብዙ ጊዜ ያኔ ነው የሚነክሰው። ስለዚህ ሲወርድ ክሩ ጨርሶ አይርገብ፣ ከረገበ ነክሶህ ተፍቶት ሲሄድ አትሰማም። እኔ ይህን እስክማር አንድ ሙሉ በጋ ፈጅቶብኛል። ከኋላዬ ቆሞ ‘ኧረ ተወት አድርገው!’ እያለ የሚጮህብኝ አንድ ሾፌር ነበር። ማን ያውቃል፣ አባትህ ይሆናል።

የጠቆሩትን በሎሚና በአመድ እሻቸው፣ ያበራሉ። ፀሐይ ሆኖ ውሃው ጥርት ሲል ብር መሳዩን፣ ደፍረስ ሲል መዳብና ነሐሱን ውሰድ። መንጠቆዎቹን ግን ቀይራቸው። የዚያን ዘመን መንጠቆ ጥፍርህ ላይ ቀስ ብለህ ጎትተው። ካንሸራተተ ደንዟል፣ ከያዘ ስለት አለው።

የታች ሰፈር

ይሄ ሁሉ ትምህርት ለአንድ አሳ? አምስት ደቂቃ ትል ቆፍር፣ አለቀ። ያ ልጅ እኮ መልሱን አሳይቶሃል።

ሴጌቶ

የታች ሰፈር፣ ትልማ ሁሉም ያውቃል፣ ሰውየው የጠየቀው ስለ ማንኪያ ነው።

የኮምቦልቻው፣ የአባትህን ዕቃ ሐይቅ ውስጥ ከማስቀረትህ በፊት በራስህ ማንኪያ ተለማመድ። ነገሩ የተጀመረውም እንደዚያ ነው። ጁሊዮ ቢዩል የሚባል አሜሪካዊ ልጅ ሳለ ማንኪያው ከጀልባ ወደቀበት፣ እየተንገዳገደ ሲሰምጥ አንድ ትልቅ አሳ መጥቶ ላፍ አደረገው ይባላል። ወሬው እውነት ይሁን ተረት ብቻ፣ ሰውየው በ1852 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አውጥቶበታል።

እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ አሮጌ ማንኪያ እየገዛሁ ነው የምሠራው። ከበድ ያለውን ምረጥ፣ ስሱ ነፋስ ይመልሰዋል፣ እግርህ ሥር ይወድቃል። እጀታውን በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ትቆርጠዋለህ። በሁለቱም ጫፍ ከጠርዙ ሦስት ሚሊ ያህል ገባ ብለህ በትራፓኖ (በመሰርሰሪያ) ትበሳለህ። ከመብሳትህ በፊት በሚስማር ነጥብ ምታበት፣ አለዚያ ትራፓኖው ይንሸራተትና እጅህን ያገኘዋል (ጠባሳው አለኝ)። ቀዳዳውን በሞረድ አልስልሰው፣ ስለታም ከሆነ ክር ይበላል። ከዚያ በሁለቱም ጫፍ ትንሽ የቁልፍ ቀለበት የመሰለ ድርብ ቀለበት። መንጠቆውን ቀጥታ ብረቱ ላይ አትሰር፣ መወዛወዙን ያንቀዋል። ካልተንገዳገደልህ በፒንሳ ጭራውን ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርገው።

እኔ ከሠራኋቸው በአንዱ፣ በሽሎ ወንዝ ወርጄ፣ ጣና በኩል ነጭ አሳ የሚሉትን ዓይነት ይዤበታለሁ፣ ጥቅምት ላይ፣ ውሃው ከጠራ በኋላ። ክረምት አትሞክረው፣ በሽሎ ያኔ ጭቃ ነው። ወንዝ ላይ አሳ ፊቱን ወደ ላይኛው ውሃ አዙሮ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ወደ ማዶ ትንሽ ወደ ላይ ወርውርና ውሃው ራሱ እያዞረ ያምጣልህ፣ አንተ ክሩን ብቻ ያዝ። ቦርከናን ከኮምቦልቻ በታች ለመለማመጃ ካልሆነ አልመክርህም፣ ያን ውሃ ያየ አሳውን አይበላም።

የኮምቦልቻው

ያ ጀማዓ፣ አላህ ይስጥልኝ። ትናንት ተመልሼ ሄድኩ።

ቀይና ነጩን ቤት ተውኩት። ከጠቆሩት አንዱን በሎሚ ሳሸው መዳብ ሆኖ ወጣ፣ አዲስ መንጠቆ ገባለት። ጋሼ እንዳሉት እግሬ ሥር እየጎተትኩ አየሁት። ለካ ሦስቱንም እሁድ አሳዎቹን እንዝርት ነው ያሳየኋቸው! በግማሽ ቀነስኩት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሣሩ ዳር ሳብ፣ ሳብ፣ ተወት እያልኩ ነው፣ ልክ ስተወው ክሩ ከበደ። ሣር የያዘኝ መስሎኝ ልሳደብ ስል ሣሩ መሄድ ጀመረ። ክንድ የሚያህል አምባዛ። ያ ባለ ሸምበቆ ልጅ ነው ጉያው ውስጥ አቅፎ ያወጣልኝ፣ እኔማ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግማሹን ለእነሱ ቤት ሰጠሁ።

ከዚያ በአምስተኛው ውርወራ ማንኪያው ድንጋይ ይሁን ግንድ ያዘው፣ በጠስኩት፣ እዚያው ቀረ። አባቴ ይስቅብኝ ነበር።

ጋሼ፣ ያ የሚጮህብዎ ሾፌር ረጅም፣ ግራ እጁን የሚጠቀም ከነበረ እሱ ነው። ካስታወሱ ይንገሩኝ።

ሴጌቶ፣ ሰኞ ገበያ የት ጋ ነው የምትገዛው? የእናቴን መሳቢያ ከፍቼ ነበር፣ ለካ ቆጥራቸዋለች።