የተራራ ሥር ሕዝብ ለልቦለዴ፦ የምናብ ድንኮች ከየትኛው ባህል ተቀዱ?

ጥያቄ፣ ከብራና፦

ለተከበራችሁ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በአማርኛ በምጽፈው የምናብ ልቦለድ ውስጥ ከተራራ ሥር ዋሻ ፈልፍሎ የሚኖር፣ ብረት የሚያቀልጥ ቁመተ አጭር ሕዝብ አለ። ረቂቁን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ገጸ ባሕርያቱ ጢም፣ መጥረቢያ፣ መጠጥና የወርቅ ፍቅር ብቻ እንደሆኑና ከፊልም የተገለበጡ እንደሚመስሉ ነገረችኝ፤ እውነቷን ነው። እነዚህ ፍጡራን መጀመሪያ ከየትኛው ሕዝብ ታሪክና ልማድ እንደተቀዱ ባውቅ፣ የትኛውን ወስጄ የትኛውን መተው እንዳለብኝ መወሰን ይቀለኛል። የአገራችንን የቀጥቃጮች ታሪክ ማስገባትስ ተገቢ ይሆን?

መልስ፣ ከጥንት ተረት አንባቢ፦

ዋናው ምንጭ የሰሜን አውሮፓ፣ በተለይም የአይስላንድ ጥንታዊ ግጥምና ተረት ነው። አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባሰባሰበው ትረካ፣ ድንኮች ከግዙፉ ኢሚር ሥጋ ውስጥ እንደ ትል ተፈጥረው በአማልክት ፈቃድ አእምሮ ያገኙ ናቸው፤ አራቱ ደግሞ በአራቱ ማዕዘናት ቆመው ሰማይን ይሸከማሉ። የነጎድጓድ አምላኩን የቶርን መዶሻ የሠሩትም እነርሱ ናቸው፤ እጀታው ያጠረው ተንኮለኛው አምላክ ሎኪ ዝንብ ሆኖ ወናፍ የሚነፋውን ድንክ የዓይን ቆብ ስለነከሰው ነው። እርስዎን የሚጠቅመው ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ በእነዚህ ትረካዎች ውስጥ ስለ ቁመታቸው የሚነገረው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ደጋግሞ የሚነገረው አማልክት ራሳቸው ሊሠሩት የማይችሉትን ዕቃ መሥራታቸው ነው። ስለዚህ ቁመታቸውን ከመለካትዎ በፊት ምን እንደሚሠሩና ማን እንደሚፈልጋቸው ቢጽፉ ይሻላል።

በፊልምና በጨዋታ የለመድነው የስኮትላንድ አነጋገር ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ጭማሪ ስለሆነ ያለ ሥጋት ሊተዉት ይችላሉ።

መልስ፣ ከማዕድን ተማሪ፦

በዚህ ላይ የጀርመን ማዕድን ቆፋሪዎች ይጨመሩ። በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው የዮአኪምስታል የብር ማዕድን ከተማ ሐኪም የነበረው ጊዮርጊዮስ አግሪኮላ፣ እ.ኤ.አ. በ1549 ስለ ከርሰ ምድር ፍጥረታት ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንደ ቆፋሪ የለበሱ፣ በወገባቸው የቆዳ ሽርጥ ያሰሩ፣ ሽማግሌ የሚመስሉ አጫጭር መናፍስት ቆፋሪዎቹ እናያለን እንደሚሉ መዝግቧል። ብር ይሆናል ብለው ያወጡት ድንጋይ በእሳት ሲፈተን ብር አልሰጥ ብሎ መርዛማ ጭስ ሲያወጣ፣ ቆፋሪዎቹ ኮቦልድ የተባለው መንፈስ ሰረቀን ይሉ ነበር፤ ኮባልት የሚባለው ብረት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ከሥራው አደጋ የተወለደ እምነት ስለሆነ፣ ለልቦለድዎ ጭሱን፣ ጨለማውንና የውኃ ሙላቱን ቢወስዱ ከመጥረቢያው የበለጠ ሕይወት ይሰጠዋል። ከመሬት በታች ያለ ከተማ እንዴት አየር እንደሚያገኝ ለማየት በቱርክ የምትገኘውን ዴሪንኩዩን ይመልከቱ፤ የአየር ጉድጓዶችና ተንከባልለው የሚዘጉ የድንጋይ በሮች አሏት።

መልስ፣ ከሥርወ ቃል፦

እስካሁን ያልተነሳው፣ ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ምንጭ ሴማዊው ነው። «የቀለበቶች ጌታ» የተባለውን የምናብ ልቦለድ የጻፈው እንግሊዛዊው ቶልኪን የድንኮቹን ስም ከአይስላንድ ግጥም ቢወስድም፣ ኹዝዱል ብሎ የሰየመውን ቋንቋቸውን የገነባው እንደ ዕብራይስጥ በተነባቢዎች ሥር ላይ ነው። አንዱ ድንክ ኹዝድ፣ ብዙዎቹ ኻዛድ ይባላሉ፤ ተነባቢዎቹ ጸንተው አናባቢዎቹ ብቻ ይለዋወጣሉ። ድንግል ብሎ ደናግል፣ ኮከብ ብሎ ከዋክብት ለሚል፣ ከአንድ «ሰበረ» ሰባሪን፣ ሰባራንና ስብራትን ለሚያወጣ ሰው ይህ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንግሊዝኛ አንባቢ እንግዳ ሆኖ የሚያገኘው ሥርዓት ለእኛ የቤታችን ነው፤ እኔ ይህን ባየሁ ጊዜ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዝምድናው በሰዋስው አላበቃም። ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1955 በጻፈው ደብዳቤ ድንኮቹን ከአይሁድ ጋር አመሳስሏቸዋል፦ በሚኖሩበት አገር ተወላጅም እንግዳም ሆነው፣ የአገሩን ቋንቋ በራሳቸው ልሳን ቃና የሚናገሩ። ቋንቋቸውን ከባዕድ ይሰውራሉ፤ ለውጭ ሰው የሚሰጡት ስም ሌላ፣ እውነተኛው ስማቸው ሌላ ነው፤ እውነተኛውም በመቃብራቸው ላይ እንኳ አይጻፍም። የክርስትና ስሙን ለማንም የማይናገር ሰው ያየ ኢትዮጵያዊ ይህንን ፍርሃት ከውስጥ ሊጽፈው ይችላል።

ነገር ግን ይጠንቀቁ። ስደትንና ቋንቋን ከአንድ ሕዝብ ወስዶ የወርቅ ስስትን መጨመር፣ በአውሮፓ አይሁድን ለማሳደድ ሲያገለግል የኖረውን ስም ማጥፋት ሳያውቁ መድገም ይሆናል። የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዋግነርን ኦፔራ ወርቅ ዘራፊ ድንክ በዚህ ዓይን ያዩ ሐያሲያን ብዙ ናቸው፤ ዋግነር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1850 በአይሁድ ላይ ያነጣጠረ ጽሑፍ አሳትሟልና።

ብራና፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የስስቱን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፤ የንጉሣቸው ታሪክ በሙሉ የቆመው በእርሱ ላይ ስለሆነ እንደገና እጽፈዋለሁ። የቀጥቃጮቹ ጥያቄ ግን አልተመለሰልኝም።

መልስ፣ ከአንጥረኛው የልጅ ልጅ፦

ወንድሜ፣ የምጽፍልህ ከእስራኤል ነው፤ አያቴ በጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ቤተ እስራኤል የመሬት ርስት በመነፈጋቸው ብዙዎቹ በብረትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ማረሻና ማጭድ የሚያሠራው ገበሬ ያለ እነርሱ ማረስ አይችልም፤ ነገር ግን ያው ገበሬ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብሎ ይፈራቸው ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው፤ አዋጁም ስድቡን አላጠፋውም።

ስለዚህ ታሪኩን አስገባው እልሃለሁ፤ አንድ ነገር ግን አደራ። ሕዝብህ በእውነት ወደ ጅብ የሚለወጥ ከሆነ ሐሜቱን እውነት አድርገህ አጸናኸው ማለት ነው። ቡዳነቱ በጎረቤቶቻቸው አፍ ይኑር፤ በእነርሱ ቤት ግን የምናየው ከሰሉን፣ ወናፉን፣ የተቃጠለ ጣትን፣ ዱቤውን የማይከፍል ደንበኛን ይሁን። «ድንክ» የሚለውንም ቃል እንደዚሁ አድርገው። በመካከላችን የሚኖሩ ቁመታቸው ያጠረ ሰዎች የሚሰደቡበት ቃል ስለሆነ የውጭ ሰዎች ይጥሩአቸው፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን የሚጠሩበት የራሳቸው ስም ይኑራቸው።

ብራና፦

እህቴ፣ አደራሽን ተቀብያለሁ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ዛሬ ማታ ከመሠረቱ እጀምራለሁ፦ የሸለቆው ገበሬ የተሰበረ ማጭዱን በዋሻው ደጅ አስቀምጦ፣ በሩ ሳይከፈት ዘወር ብሎ ይሄዳል። ራሳቸውን የሚጠሩበትን ስም ከየትኛው ሥር ላወጣው እንደምችል ሥርወ ቃል ሐሳብ ቢሰጠኝ እወዳለሁ።

ሥርወ ቃል፦

«ነጠረ» የሚለውን ይሞክሩ። ንጥር፣ አንጥረኛ፣ የነጠረ ወርቅ፤ ሁሉም በእሳት ከማለፍ የወጡ ናቸው።