ለክርክር ያልመጣውን ዕጩ በምን እንመዝነው?

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ (ጃንዋሪ 2024)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ለከተራ አደረሳችሁ። ኅዳር ላይ ቃለ መሐላ ፈጽሜ ዜግነት አግኝቻለሁ። እዚያው አዳራሽ የመራጭነት ቅጽ ሞልቼ ነበር፣ ካርዱም በፖስታ ደርሶኛል። ማርች 5፣ ፓርቲዎቹ የፕሬዚዳንት ዕጩአቸውን በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ልሰጥ ነው። ሪፐብሊካኖቹ ምን እንደሚሉ ልስማ ብዬ ከነሐሴ ጀምሮ ከሥራ ስገባ ክርክሮቹን ሳይ ከረምኩ። አንደኛ ነው የሚባለው ሰውዬ፣ ትራምፕ፣ ግን አንዱም ላይ የለም። መሥሪያ ቤት “ከፎክስ ቴሌቪዥን ጋር ተጣልቶ ነው” ይሉኛል፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ራሱ ፎክስ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ አየሁት። ግራ ገባኝ። ዕጩ ከክርክር መቅረት ይፈቀድለታል? መራጩስ ይህን እንዴት ይየው? እናቴን ለማምጣት ማመልከቻ ላስገባ እየተዘጋጀሁ ስለሆነ ማን ምን እንደሚያስብ የማወቁ ነገር ያስጨንቀኛል። የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። የመጀመሪያ ድምፄን የሰጠሁበት ቀን ዛሬም ድረስ ከፊቴ አይጠፋም።

ሕግ አያስገድደውም። የእነዚህን ክርክሮች መግቢያ መስፈርት የሚያወጣው ፓርቲው ነው፣ የሚያስተላልፉት ጣቢያዎቹ ናቸው። ለነሐሴው ክርክር ቢያንስ 40,000 ለጋሽ፣ በሕዝብ አስተያየት መለኪያ ቢያንስ 1 ከመቶ፣ በዚያ ላይ “ፓርቲው የመረጠውን ዕጩ እደግፋለሁ” የሚል ፊርማ ተጠየቀ። ትራምፕ አልፈርምም አለ፣ ቀጥሎም አልሄድም አለ። በመለኪያው ከሌሎቹ እጅግ ርቆ ስለነበር እዚያ መድረክ ላይ መውጣት የሚጨምርለት ነገር አልነበረም። ክርክር ሁልጊዜ ከኋላ ላለ ሰው ነው የሚጠቅመው።

ጠቡን ለመረዳት ግን ትንሽ ወደኋላ መሄድ አለብን። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ 2016 ስል የእኛን 2016 ማለቴ አይደለም።

ነሐሴ 2015 ክሊቭላንድ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ክርክር የፎክሷ ጋዜጠኛ ሜገን ኬሊ ትራምፕ ሴቶችን የሰደበባቸውን ቃላት አንድ በአንድ ጠርታ ጠየቀችው። በዚያ ምሽት 24 ሚሊዮን ሰው ተመለከተ። እሱም በማግስቱ ሲኤንኤን ላይ ስለ እሷ እዚህ ልጽፈው የማልፈልገውን ተናገረ፣ ነገሩ ከረረ። ጥር 2016 አዮዋ፣ ዴሞይን ከተማ ላይ ሌላ የፎክስ ክርክር ሲዘጋጅ እሷ ካለች አልመጣም አለ። ፎክስ አላነሳትም። እንዲያውም ፕሬዚዳንት ሲሆን የኢራኑ አያቶላና ፑቲንም አግባብ ባልሆነ መንገድ ሊያስተናግዱት አስበዋል የሚል የሽሙጥ መግለጫ አወጣበት፤ እሱም ቀረ። በኋላ ጣቢያው ራሱ እንደገለጸው፣ ለሚመርጣቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች 5 ሚሊዮን ዶላር ብትሰጡ እመጣለሁ ብሎም ነበር።

ልብ በይ፣ በክርክሩ ዋዜማ ግን እዚያው ፎክስ ላይ ከአቅራቢው ከቢል ኦራይሊ ጋር ተቀምጦ ነበር። ኦራይሊ እንዲመጣ ሲለምነው አገር አየ። እንግዲህ ያኮረፈው ጣቢያውን ነው ወይስ ጥያቄውን? ለእኔ ያኔም መልሱ ግልጽ ነበር።

የክርክሩን ምሽት አልረሳውም። ያን ጊዜ ናሽናል ኤርፖርት ታክሲ እነዳ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜና እሁድ የጣለው ከባድ በረዶ በየጥጉ እንደተቆለለ ነው። ተራ ስንጠብቅ አራት ሆነን አንድ መኪና ውስጥ ገባን፣ አንዱ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አስደግፎ ክርክሩን ከፈተልን። ኬሊ ስለ ስደተኞች ጉዳይ ስትደርስ ተፎካካሪዎቹ ማርኮ ሩቢዮና ቴድ ክሩዝ ቀደም ሲል የተናገሩትን በቪዲዮ እያሳየች “ያኔ እንዲህ ብለህ ነበር፣ ዛሬ ምን ትላለህ?” እያለች አፋጠጠቻቸው። መኪናው ውስጥ ጸጥ አልን። ከኋላ የተቀመጡት አንድ ኤርትራዊ አዛውንት ብቻ “ዋናውን ሰውዬስ ማን ይጠይቀው?” አሉ።

ዋናው ሰውዬ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ከተማ፣ ድሬክ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ለቀድሞ ወታደሮች ገንዘብ እያሰባሰበ ነበር። 6 ሚሊዮን ዶላር ተገኘ ብሎ አስታወቀ። ገንዘቡ የት ደረሰ ብለው ጋዜጠኞች ወራት ሙሉ ሲያሳድዱ፣ ከኪሴ እሰጣለሁ ያለውን 1 ሚሊዮን የሰጠው ግንቦት ላይ ነው። በ2019 ደግሞ አንዲት የኒውዮርክ ዳኛ፣ የዚያን ምሽት ገንዘብ የተቀበለውን ፋውንዴሽኑን የምርጫ ዘመቻው እንዲጠቀምበት አድርጓል ብለው 2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረዱ። ይህን የምነግርሽ ለክስ አይደለም። ክርክር ቀርቶ በምትኩ የራስ ዝግጅት ሲደረግ፣ ያን ዝግጅት በቦታው የሚጠይቅ ተፎካካሪ እንደማይኖር ለማሳየት ነው። ጥያቄው ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ነው የመጣው።

በእኛ ባህል ያኮረፈ ምሳው እራቱ ይሆናል። እሱ ግን ምሳውንም እራቱንም በላ። የፓርቲው ምርጫ በተጀመረበት አዮዋ ክሩዝ 27.6፣ እሱ 24.3 ከመቶ አግኝተው እሱ ተሸነፈ፣ በሳምንቱ ኒው ሃምፕሻየርን አሸነፈ። በሠርግ ቀን ቀርቶ እንግዳው ሁሉ ስለ እሱ ሲያወራ የሚያመሽ አጎት በየቤታችን አለ። ፎክስም ያን ምሽት 12.5 ሚሊዮን ተመልካች አገኘ፤ ከነሐሴው በግማሽ ቢያንስም ትንሽ አይደለም። ኬሊም ሚያዝያ ላይ ቢሮው ድረስ ሄዳ አነጋገረችው፣ ግንቦት ላይ ቃለ መጠይቁ ታየ።

ይህ ነገር ከእሱ አልጀመረም። በ1980 ሬገን የአዮዋን ክርክር ንቆ ቀርቶ በአባትየው ቡሽ ተሸንፏል፤ ኒው ሃምፕሻየር ላይ ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ። ልዩነቱ ሬገን መቅረት እንደሚያስከፍል አይቶ መመለሱ ነው። በ2024 የቀረው ሰው ግን አዮዋን 51 ከመቶ አግኝቶ ወሰደ። ይሄ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ከእንግዲህ ቀዳሚ የሆነ ሁሉ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ለምን እመጣለሁ ይላል።

የአሁኑ ኩርፊያ ሌላ መነሻ አለው። ሚያዝያ 2023 ፎክስ በ2020 ምርጫ ጉዳይ የድምፅ መስጫ ማሽን ለሚሠራው ዶሚኒየን ኩባንያ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ በቀናት ውስጥም አቅራቢውን ታከር ካርልሰንን አሰናበተ። ነሐሴ ላይ ሚልዋኪ ክርክሩ ሲጀምር ትራምፕ ከዚያው ከተሰናበተው ካርልሰን ጋር ቀድሞ የቀረጸውን ቃለ መጠይቅ ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ ለቀቀው። “መቶ ሚሊዮኖች አዩት” የሚል ፎቶ በየቴሌግራሙ ሲዞር ነበር። ኤክስ ግን ጽሑፉ በስልኩ ስክሪን ያለፈለትን ሁሉ ስለሚቆጥር ከቴሌቪዥን ተመልካች ጋር አታወዳድሪው።

አንቺ ያየሽው የባለፈው ሳምንቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ጃንዋሪ 10 2024 ሲኤንኤን ተፎካካሪዎቹን ኒኪ ሄሊንና ሮን ዴሳንቲስን ሲያከራክር፣ ፎክስ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዴሞይን፣ ለትራምፕ ብቻውን መድረክ ሰጠው። ሽማግሌ ሳይገባ ታረቁ። ጣቢያው ተመልካች ይፈልጋል፣ ዕጩው መድረክ ይፈልጋል። ከመራጭ ጋር መነጋገር ጥሩ ነገር ነው፣ ግን “ይህማ ልክ አይደለም” የሚል ተፎካካሪ አጠገቡ የለም። ሄሊም በበኩሏ እሱ ወይም ባይደን ካልመጡ አልከራከርም ስላለች የኒው ሃምፕሻየሩ ክርክር ሰሞኑን ተሰርዟል።

አሁን ወደ እናትሽ። ትራምፕ ሚያዝያ 2020 ያወጣው አዋጅ የመኖሪያ ቪዛዎችን ሲያግድ ከቤተሰብ በኩል ነፃ ያደረገው የዜጋ ባል ወይም ሚስትንና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ነው። የዜጋ እናትና አባት ታገዱ። ዲቪም ታገደ፤ ዕድሉ የደረሳቸው ሰዎች ጊዜያቸው እንዳያልፍ ፍርድ ቤት ሄዱ። ባይደን የካቲት 2021 ሻረው። እንግዲህ አንቺ የምትፈልጊው ጥያቄ “ያንን ትደግመዋለህ ወይ?” የሚለው ነው። ይህን ከተፎካካሪዎቹ ፊት ቆሞ የሚመልስበት አምስት ምሽት ነበር፣ አምስቱም አለፉ። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ጋዜጣው ሁሉ “ትራምፕና ፎክስ” ሲል ከረመ፤ ማን ማንን ናቀ፣ ማን አሸነፈ። የእናትሽ ነገር የትም አልተነሳም።

የእኛን የ97ቱን ምርጫ ክርክር በሲዲ ተቀድቶ ከሐበሻ ሱቅ ገዝተን ሌሊቱን ስናየው ያደርን ሰዎች ነን። ገዥው ፓርቲ ከተቃዋሚዎቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ከቦ ሲጠየቅ ማየት ለእኛ ምን እንደነበር በዚያ ዕድሜ የነበረ ያውቀዋል። ስለዚህ እዚህ አገር መጥቼ “ክርክር ምን ያደርጋል” ሲባል ስሰማ ውስጤ አይቀበለውም።

መልስ፣ ከዳላስ፣ ቴክሳስ

ጋሼ፣ በአክብሮት አልስማማም። ሰውዬው አራት ዓመት ፕሬዚዳንት ነበር። ሥራው ይታወቃል፣ እርስዎም አዋጁን ከነወሩ ጠቅሰውታል። ክርክር ላይ ቢቆም አንድ ደቂቃ ተሰጥቶት ጩኸት ነው የሚሆነው። ደግሞ ባይደንም ከራሱ ፓርቲ ተፎካካሪዎች ጋር አልተከራከረም፣ ፓርቲውም አላዘጋጀም። ለምን የአንዱ ብቻ ይወራል? እኔ በኢኮኖሚው ነው የምመርጠው፣ ለዚህ ክርክር አላስፈለገኝም።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ስለ ባይደን ያልከው ልክ ነው፣ መጨመር ነበረብኝ። የእሱንም መቅረት እንደዚሁ ነው የማየው። ሥራው ይታወቃል ላልከው ግን፣ ያደረገውን አውቃለሁ፣ ሊያደርግ ያሰበውን ነው ከአፉ መስማት የምፈልገው።

መልስ፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ

ለአዲሶቹ አንድ ነገር። ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የመራጭነት ቅጽ ቢሰጣችሁም እንዳትፈርሙ፣ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት እስከ መባረር ያደርሳል። የእኔ ሰፈር ሰው “ሰጡኝ ሞላሁ” ብሎ ጠበቃ ፍለጋ ሲንከራተት አይቻለሁ። እኛ ጋም ምርጫው ማርች 5 ነው።

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሪፐብሊካን አባል ካልሆንኩ በእነሱ ምርጫ መሳተፍ እችላለሁ?

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ቨርጂኒያ ትችያለሽ። እናንተ ጋ በፓርቲ መመዝገብ የለም፤ ስትገቢ የትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደምትፈልጊ ይጠይቁሻል፣ አንዱን ብቻ ትወስጃለሽ። ሜሪላንድና ዲሲ ግን ለየፓርቲው የተመዘገበ ብቻ ነው። ቀድሞ ድምፅ መስጠትም ቨርጂኒያ ዛሬ፣ ጃንዋሪ 19 2024፣ ተጀምሯል፣ መታወቂያሽን ይዘሽ ሂጂ።

የእናትሽን አይ-130 (የቤተሰብ ማመልከቻ) ግን ማርች እስኪመጣ አታቆዪው። ዜጋ ከሆንሽና 21 ዓመት ከሞላሽ ለወላጅ የዓመት ኮታ የለም። የልደት ማስረጃሽ ላይ የእናትሽ ስም በፓስፖርቷ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት መጻፉን ፊደል በፊደል አመሳክሪ፣ የእኛ ሰው ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው እዚያ ላይ ነው። ነገ ለጥምቀት ከመጣሽ ወረቀቱን ይዘሽው ነይ፣ አብረን እናየዋለን።