ሴረም ሳይቀጥን ደካማ፣ ሲቀጥን ጠንካራ ምላሽ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ጥያቄ (የላብራቶሪ ተማሪ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ በልምምድ ላይ ያጋጠመኝን ነገር እንድታብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንድን ሴረም (ከደም የሚለይ ፈሳሽ) ሳላቀጥን በአርፒአር ካርድ (ቂጥኝን የምንመረምርበት ካርድ) ላይ ስመረምር፣ የከሰሉ ቅንጣቶች እንደ ኔጌቲቭ ኮንትሮሉ ልስልስ ብለው አልታዩም፤ ሪአክቲቭ (ምላሽ የሰጠ) ለማለት የሚያስደፍር መጓጎልም አልነበረም፤ መልካቸው ሻከር ያለ ብቻ ነበር። ያንኑ ሴረም በሳላይን (በጨው ውሃ) 1፡8 ሳቀጥነው ግን ጥቁሮቹ ጉጉሎች ቁልጭ ብለው ወጡ። አንቲቦዲው (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) ሲቀጥን ምላሹ ሊዳከም ሲገባው እንዴት ይበረታል? እግረ መንገዴንም አግሉቲኔሽንና ፕሪሲፒቴሽን የሚለያዩበትን ነጥብ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1 (የሴሮሎጂ ባለሙያ)

ያዩት ፕሮዞን የሚባለው ክስተት ነው፤ ያንን ሻካራ መልክ ልብ ማለትዎ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ፍንጩ እሱ ብቻ ነውና።

በዓይን የምናየው ጉጉል የሚፈጠረው አንዱ አንቲቦዲ በአንድ ክንዱ አንዱን ቅንጣት፣ በሌላው ክንዱ ሌላውን ይዞ እንደ መረብ ሲያያይዛቸው ነው። ከአንቲቦዲ ዓይነቶች አይጂጂ ሁለት፣ አይጂኤም አሥር መያዣ ስላላቸው አይጂኤም በማጓጎል ይበልጣል። አንቲቦዲው ከመጠን በላይ በሚበዛበት ሴረም ውስጥ ግን በእያንዳንዱ ቅንጣት ላይ ያሉት ቦታዎች በየራሳቸው አንቲቦዲ ይያዛሉ፤ የአንዱን ቅንጣት አንቲቦዲ ሌላኛው ክንድ የሚቀበል ባዶ ቦታ ጎረቤቱ ላይ ስለማይገኝ መረቡ አይሠራም። ሴረሙ ሲቀጥን የሁለቱ መጠን ይመጣጠንና ማያያዙ ይጀምራል። የዚህን መረብ ሐሳብ ማራክ በ1934 ያቀረበው ሲሆን ዛሬም የምንሠራበት ማብራሪያ ነው። አንቲጅኑ (አንቲቦዲው የሚይዘው ነገር) ሲበዛም እንዲሁ ምላሹ ይደክማል፤ ያኛው ፖስትዞን ይባላል።

ስለዚህ ያልቀጠነ ሴረም አለመጓጎሉ አንቲቦዲ የለም ለማለት አይበቃም። በተለይ በሁለተኛ ደረጃ ቂጥኝ የአንቲቦዲው መጠን ከፍ ስለሚል፣ የሕመም ምልክቱ ቂጥኝን እያመለከተ ካርዱ ነን ሪአክቲቭ ከሆነ ወይም እርስዎ እንዳዩት ከሻከረ፣ ሴረሙን አቅጥኖ መድገም ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ አጭር መልስ አለው፤ አንቲጅኑ እንደ ቀይ የደም ሴል፣ ባክቴሪያ ወይም ላቴክስ ያለ ቅንጣት ላይ ሲሆን አግሉቲኔሽን፣ በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ሲሆን ፕሪሲፒቴሽን ይባላል። በአጋር ጄል ላይ በሁለት ጉድጓዶች አንቲጅንና ሴረም አኑረው ቢጠብቁ፣ ነጩ መስመር የሚሠራው ሁለቱ ተሰራጭተው በተመጣጠነ መጠን በሚገናኙበት ስፍራ ነው፤ ይኸው ሕግ በዓይን ሲታይ ማለት ነው። አርፒአር ግን በትክክለኛው ስሙ ፍሎኩሌሽን (የደቃቅ ቅንጣቶች መጓጎል) ነው፤ አንቲጅኑ የካርዲዮሊፒን፣ የሌሲቲንና የኮሌስትሮል ቅልቅል ሲሆን ከሰሉ ምላሹን ለዓይን ከማሳየት በቀር ሥራ የለውም። ከቂጥኝ ባክቴሪያው የተወሰደ አንቲጅን ስላልሆነም ሪአክቲቭ ውጤት በትሬፖኔማል ምርመራ (የባክቴሪያውን የራሱን አንቲጅን በሚጠቀም ምርመራ) መረጋገጥ ይኖርበታል።

መልስ 2 (የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት)

በተባለው ላይ አሠራሩን ልጨምር። 50 ማይክሮ ሊትር ሴረም በክቡ ውስጥ በደንብ ዘርግተው አንቲጅኑን ከጠብታ መርፌው ይጨምሩ፤ ካርዱን በደቂቃ 100 ዙር በሚዞር ሮቴተር ላይ ለ8 ደቂቃ ያዙሩ፤ ከዚያም ሳይደርቅ በጠንካራ ብርሃን ሥር ዘንበል እያደረጉ ያንብቡ። የክፍሉ ሙቀት ከ23 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ምላሹ ይደክማል።

ማቅጠኑ በእጥፍ ይሄዳል፤ 1፡2፣ 1፡4፣ 1፡8፣ 1፡16። ከ1፡16 በላይ ሲቀጥል ሳላይኑ ብቻውን አይበቃም፤ ነን ሪአክቲቭ ሴረም በ1፡50 የተጨመረበት ሳላይን ያስፈልጋል። ታይተሩ ሪአክቲቭ የሆነው የመጨረሻው ቅጥነት ነው። ሕክምናን ለመከታተል ከ1፡4 ወደ 1፡8 መለወጥ ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚሰጠው የአራት እጥፍ ለውጥ ነው፤ ንጽጽሩም በአንድ ዓይነት ምርመራ መካከል ብቻ ይሁን።

ጠያቂው

ከልብ አመሰግናለሁ። ይህ ችግር በኢላይዛ (ኢንዛይም የተያያዘበት አንቲቦዲ በሚጠቀመው ምርመራ) ላይም ይከሰታል?

መልስ 1 (የሴሮሎጂ ባለሙያ)

ኢላይዛ መጓጎልን ስለማይጠብቅ በተለመደው መልኩ ፕሮዞን አያሳስበውም። ነገር ግን አንቲጅንን በሁለት አንቲቦዲ መካከል በመያዝ በአንድ እርምጃ በሚለካው ዓይነት ኢላይዛ ላይ፣ አንቲጅኑ እጅግ ከበዛ ከታች የተለጠፈውንም ኢንዛይም የተያያዘበትንም አንቲቦዲ ለየብቻ ይሞላቸዋል፤ ውጤቱም ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይነበባል። ይህ ሁክ ኢፌክት ይባላል፤ መፍትሔውም እንደዚያኛው ናሙናውን አቅጥኖ መድገም፣ ወይም በሁለቱ እርምጃዎች መካከል ሳህኑን አጥቦ ትርፉን አንቲጅን ማስወገድ ነው።